ሞተሩ ሲጠፋ ካርቡሬተሩን አታስቀድሙ፦ የጀልባ ቤንዚን ጥያቄዎች

ጎንደር ውስጥ ሞተር ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ከሞተር ሳይክልና ከውሃ መሳቢያ ሌላ፣ ከጣና ዳር ተጭነው የሚመጡ የጀልባ ሞተሮችም እጄ ይገባሉ። የቤንዚን ችግር ያለበት ይጠይቀኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ ጠየቃችሁኝ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ (ከጎርጎራ)፦ ጋሼ፣ ሞተሬ ባለ ሁለት ምት፣ 15 የፈረስ ጉልበት ነው። በአንድ ስበት ይነሳል። አምስት ደቂቃ ያህል ከሄድኩ በኋላ እየደከመ ይጠፋል። ቆየት ብዬ ስስበው ደግሞ ይነሳል። ካርቡሬተሩን ሁለት ጊዜ አጽድቼዋለሁ።

መልስ፦ ካርቡሬተሩን፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ ማለቴ ነው፣ ለጊዜው ተወው። የነዳጅ ታንኩ ክዳን ላይ ያለችው ትንሿ የአየር ብሎን ተከፍታለች? ታንኩ ሲጫን ቤንዚን እንዳይፈስ ትዘጋለች፣ ከዚያ ትረሳለች። ቤንዚን በወጣ ቁጥር በቦታው አየር ካልገባ ታንኩ ቤንዚኑን አልሰጥም ይላል፤ ቆም ስትል አየር እንደምንም ይገባና ሞተሩ ይነሳል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። አንድ ጊዜ ሞተር ልንሞክር ከጎርጎራ ወጣ እንዳልን ጠፋብን። መካኒክ አይደለሁ? ወዲያው ካቻቢቴ አወጣሁ። ካርቡሬተሩን ስፈታ አንዷ ብሎን ከጣቴ አምልጣ ጣና ገባች። እየቀዘፍን ተመለስን። ዳር ላይ ቁጭ ብለው መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ መጡና የታንኩን ክዳን ጠምዘዝ ሲያደርጉት «ፍስስ» አለ። ምንም አልተናገሩም፤ ወደ መረባቸው ተመለሱ።

የታንኩ የአየር ብሎን ክፍት ከሆነች ወደ ጎማዋ መጭመቂያ እለፍ፣ ቱቦው መሃል ላይ ያለችውን እንቁላል መሳይ ማለቴ ነው። ሞተሩ ሊጠፋ ሲል ደጋግመህ ጨመቅ አድርጋት። ነፍስ ከዘራ ቤንዚኑ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፦ ወይ የነዳጅ ፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ደርቋል ወይም ተቀድዷል፣ ወይ ቱቦው ከመገጣጠሚያው አየር ይስባል። መጭመቂያዋ ራሷ ሟሽሻ ከተጣበቀች ግን የተዘጋው ከእርሷ ወደ ታንኩ በኩል ነው። ይህ ሁሉ ለውጥ ካላመጣ ያን ጊዜ ካርቡሬተሩንና ብልጭታ የሚሰጠውን ካንዴላ ጠርጥር።

ጥያቄ፦ መጭመቂያዋን ሃምሳ ጊዜ ብጨምቃትም አልጠነክር አለች።

መልስ፦ በላይዋ ያለው ቀስት ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት፤ ተገልብጣ የተገጠመች ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቀስቱ ትክክል ከሆነ ቱቦውን አጥብቀው የሚይዙትን ፋሼታዎች አጥብቅ። ካልሆነም ውስጧ ያሉት የአንድ አቅጣጫ መዝጊያዎች አልቀዋል፣ ለውጣት።

ጥያቄ (ከደልጊ)፦ ማደያ ቤንዚን ሲጠፋ በጀሪካን ከሚሸጡ ሰዎች እንገዛለን። ጥሩ መሆኑን በምን እንወቅ?

መልስ፦ የአብዛኛው ሰው ችግር ይህ ነው፤ ስለዚህ ዘለግ ላድርገው። አንድ ባዶ ሃይላንድ ውሰዱ፣ ከጀሪካኑ ግርጌ ቤንዚን ስባችሁ ሙሉትና ግማሽ ሰዓት ሳትነኩት አስቀምጡ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ይዘቅጣል፤ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን ስታነሱት ከታች ጥርት ያለች መስመር ወይም የምትንከባለል ጠብታ ትታያለች። ያቺ ጠብታ ናት ካርቡሬተሩ ጎድጓዳ ውስጥ ተኝታ ማዕበል በመጣ ቁጥር ሞተሩን የምታስነጥሰው።

ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትን ለመለየት ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ የቅባት እድፍ ትቶ ይቆያል። ይህ የሚሠራው የሞተር ዘይት ከመቀላቀሉ በፊት ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ የደረሰ ጀሪካን መንገድ ለመንገድ ተንጧል፤ ያለውን ቆሻሻ ሁሉ አስነስቷል። ወዲያው አትገልብጡት። አሳድሩትና ከላይ ከላዩ ቅዱ፣ የመጨረሻውን ሊትር ተዉት። ቤንዚን በአፍ ስቦ ማውረድንም ተዉ፦ ትን ብሎ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል። ታንኩ ሲሞላም ከጀልባው ወርዶ መሬት ላይ ይሁን፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ወለል ላይ ተኝቶ ሲጋራ ይጠብቃል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጀልባው የእኔ ነው፣ የሚነዱት ልጆቹ ናቸው። ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀለውን ዘይት አንዱ በቆርኪ፣ ሌላው በጣሳ ይለካል። ትክክሉ ስንት ነው?

መልስ፦ እትዬ፣ ለብዙዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች 50 ለ 1 ነው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር ዘይት። 100 ለ 1 የሚሉ ስላሉ የሞተርዎን መመሪያ ያስነብቡ። ዘይቱ ለጀልባ ባለ ሁለት ምት ሞተር የተሠራ ይሁን፣ የመኪና ዘይት አይሆንም። መጀመሪያ በትንሽ ቤንዚን በጥብጠው ከዚያ ይሙሉት ይበሏቸው። መለኪያውን ግን እርስዎ ጋር ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ አዲስ ሞተር ነው፤ ግን ጥቁር ጭስ ያጨሳል፣ ካንዴላው ጥቀርሻ ለብሶ ይወጣል። ዘይቱ ልክ ነው።

መልስ፦ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ያበዛል። መፍትሔው በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን የቤንዚን ቀዳዳ አንድ ደረጃ በጠበበች መለወጥና ሚኒሞውን፣ ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት፣ እንደገና ማስተካከል ነው። የጎደለው ጉልበት ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት ያነሰ ፕሮፔለር ግን ይረዳዋል። ያቺን ቀዳዳ በሽቦ የምታጸዱ፣ እባካችሁ። ነሐስ ናት፣ ትሰፋለች። የዓሣ መረብ ናይለን ክር እጃችሁ ላይ እያለ ሽቦ ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ እንቦጭ ባለበት ስንሄድ ሞተሩ ይደክማል። ቤንዚኑ ይሆን?

መልስ፦ ቤንዚኑን አትውቀሱት። ከሞተሩ ጎን የምትፈሰውን የማቀዝቀዣ ውሃ ተመልከቱ፤ ከቀጠነች ወይም ከተቋረጠች ወዲያው አጥፉት። እንቦጩ የውሃ መግቢያውን ደፍኖታል፣ ወይም ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሟል።

ጥያቄ፦ ሞተሩን ሁለት ሦስት ወር ላቆመው ነው። ቤንዚኑ ውስጡ ይቆይ?

መልስ፦ አይቆይ። ማቀዝቀዣው ውሃ እያገኘ የቤንዚን ቱቦውን ንቀልና ሞተሩ ራሱ እስኪጠፋ አስነሳው፤ ከዚያ በካርቡሬተሩ ግርጌ ያለችውን ብሎን ፈትተህ የቀረችውን አውጣ። ቤንዚን ቆሞ ሲከርም እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ታንኩ ውስጥ የተረፈውን አታስቀምጥ፤ ሌላ ባለ ሁለት ምት ሞተር ላለው ጎረቤት ስጠው።