ቀንድ አውጣሽን አትጣያት፤ ከወንዝም ሌላ አታምጪ

እህቴ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣሻት ቢጫ የውሃ ገንዳ ቀንድ አውጣ ደብረ ብርሃን ከገባች ወዲህ አራት ቀን ከቅርፊቷ አልወጣችም፣ የቅርፊቷም ጫፍ ነጥቷል ብለሻል። ሞታ ከሆነም ሸዋ ሮቢት ስትወርጂ ከወንዝ ሌላ ለመያዝ አስበሻል። እኔን ያስደነገጠኝ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ቢሆንም ከእሷ ልጀምር።

አንሺና አሽትቻት። የሞተች ቀንድ አውጣ ክርፋቷ አያጠራጥርም። ካልሸተተችና ክዳኗ ገጥሞ ከተዘጋ ግን በርዷት ነው። እኔም የመጀመሪያዬን በኅዳር ውርጭ ሞታለች ብዬ ልጥላት ስል፣ 25 ዲግሪ ገደማ ለብ ባለ ውሃ ሳህን ውስጥ ባስቀምጣት ቀስ ብላ ቀንዶቿን አወጣች። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ማሞቂያ የሌለው ገንዳ ሌሊቱን ከቤቱ ጋር ይቀዘቅዛል። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ እጠቀልለዋለሁ፤ ከላይ ግን ክፍት እተዋለሁ፣ ይህች ዓይነቷ ወደ ላይ ወጥታ አየር ትስባለችና።

የጫፉ መንጣት ከውሃው ነው። እኔ አንድ ክረምት ከጣሪያ ያጠራቀምኩትን የዝናብ ውሃ ንጹሕ ነው ብዬ ሞላሁና የቀንድ አውጣዎቼ ቅርፊት ተቦረቦረ። የዝናብ ውሃ ካልሲየም የለውም፤ ቅርፊት ደግሞ የሚሠራው ከእሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የእንቁላል ቅርፊት ቀቅዬ፣ አድርቄና ፈጭቼ እጨምራለሁ። የተጎዳው ቦታ አይመለስም፤ በአፉ በኩል የሚያድገው አዲሱ ግን ልሙጥ ሆኖ ይወጣል። መዳብ ያለበት የዓሣ መድኃኒት ቀንድ አውጣን ይገድላል፤ አንዲት ጠብታ እንኳ አትጨምሪ።

አሁን ወደ ወንዙ። እባክሽ፣ አታምጪ! የቢልሃርዝያ ትል የሚራባው ጨዋማ ባልሆነ ውሃ፣ እንደ ወንዝና ሐይቅ ባለ፣ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። ከእነሱ የሚወጣው በዓይን የማይታይ እጭ ቁስል ሳይፈልግ ቆዳ በስቶ ይገባል። ተሸካሚዋን ከጤነኛዋ በዓይን መለየት አይቻልም፤ አንቺ ደግሞ ገንዳውን ስታጸጂ እጅሽን እስከ ክርን ትነክሪያለሽ፣ ልጆችም ይነካሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተንሳፍፈው አይተው ምርምራቸውን የጀመሩት ይህንኑ በሽታ ለመዋጋት ነበር። በዚያው ልክ እንዶድ የነካው ባልዲ ወይም ጨርቅ ወደ ገንዳሽ እንዳይገባ፤ ያንቺዋንም አይምራትም።

ዛሬ ማታ ለብ ባለው ውሃ ሞክሪያት። ካልተነሣች ወንዝ መውረድ አያስፈልግሽም፤ ከእኔዎቹ አንዷ ከውሃው በላይ መስታወቱ ላይ ሮዝ እንቁላሎቿን ለጥፋለች። ሲፈለፈሉና ጠንከር ሲሉ አራት አምስቱን እሰጥሻለሁ።