ጣቴ ላይ ስላለው ቀለበት ለጠየቃችሁኝ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣሁ ነው። ስኒውን ሳነሳ የአንድ ወጣት ዓይን ትንሿ ጣቴ ላይ ተተከለ። ቀለበቴ ላይ ስኳድራና (የግንበኛ ማዕዘን መለኪያ) ክብ ማስመሪያ ኮምፓስ ተቀርጿል። «ጋሼ፣ ይሄ የኢሉሚናቲ አይደል?» አለኝ። እኔ ሳቅሁ፣ እሱ አልሳቀም። እንግሊዝ አገር በኖርኩበት ዘመን ፍሪሜሰን ሆኛለሁ፤ ምልክቶቹን ከግንበኞች የወሰደ የወንድማማችነት ማኅበር አባል ማለት ነው። አልደበቅሁም። ወሬው አብጦ ሆጤ ሰፈር ከመድረሱ በፊት «ያላችሁን ጠይቁኝ» አልኩ። ጥያቄው ጎረፈ።

ፍሪሜሰኖች የሚሰበሰቡበት ሎጅ ማለት ሆቴል ነው እንዴ?

አይደለም። ድሮ አውሮፓ ውስጥ ካቴድራል የሚገነቡ ድንጋይ ጠራቢዎች ከሕንጻው ጥግ ዳስ ይሠሩ ነበር። መሣሪያ ያስቀምጡበታል፣ ይበሉበታል፣ ያርፉበታል። ሎጅ የሚባለው ያ ዳስ ነው። በኋላ ድንጋይ ነክተው የማያውቁ ሰዎች ገቡበትና ስሙ ለአባላቱ ስብስብ ሆነ።

መቼ ተመሠረተ?

የማኅበሩ ታሪክ እንደሚለው እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው) ጁን 24 ቀን 1717 አራት የለንደን ሎጆች አንድ መጠጥ ቤት ተሰብስበው የሎጆች የበላይ የሆነውን ታላቁን ሎጅ አቋቋሙ። አዎ፣ መጠጥ ቤት! የለም፣ 1721 ነው የሚሉ የታሪክ ሰዎችም አሉ። ደንቡ የታተመው በ1723 ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለም።

የአንድ ሰፈር ሎጅስ እንዴት ይከፈታል?

እኛ ቅሬ (እድር) ስናቋቁም ጎረቤት ተሰብስቦ ዳኛ ይመርጣል፣ መዝገብ ይከፍታል፣ አለቀ። እዚያ ግን መሥራቾቹ ፈርመው ለታላቁ ሎጅ ያመለክታሉ። ከተፈቀደ የፈቃድ ወረቀትና ቁጥር ይሰጣቸዋል። በምረቃው ቀን እህል፣ ወይን፣ ዘይትና ጨው ይቀርባል። ሰብሳቢው በየዓመቱ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ ያለው አብዛኛው ነገር ቃለ ጉባኤ ማንበብና ስለ እራት ወጪ መጨቃጨቅ ነው። ቅሬ ስብሰባ ቁጭ ብሎ የሚያውቅ ሰው አይገርመውም።

ምልክቶቹ ምን ማለት ናቸው?

ይሄን ስትጠይቁኝ ደስ አለኝ። ሁሉም የግንበኛ ዕቃ ነው። ኮምቦልቻ ሕንጻ የሚሠራ ግንበኛ ቢያያቸው ግማሹን ያለ እኔ እርዳታ ይተረጉማቸዋል። ስኳድራው «ሥራህ ቀጥ ይበል» ነው። ኮምፓሱ ለፍላጎትህ ክብ ያሰምርልሃል፣ ከዚያ አትለፍ ነው። ውሃ ልኩ ሁላችንም እኩል ነን፤ ቱንቢው ቀጥ ብለህ ቁም። 24 ኢንች ማስመሪያም አለ፤ የቀኑ 24 ሰዓት ነው። ሎጁ ውስጥ ሁለት ድንጋይ ይቀመጣል፤ አንዱ ከመሬት እንደወጣ ሻካራ፣ ሌላው ጥርብ። አዲስ አባል ሻካራው ነው። እኔ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ጥርቡ ጋ አልደረስኩም።

ወለሉ ጥቁርና ነጭ ዳማ ነው፤ የኑሮ ደስታና ሐዘን። ሽርጥም እንታጠቃለን። ሽርጥ ስል እኛ ወሎዬዎች የምናገለድመውን አይደለም፤ ጠራቢዎች ከፊት የሚያስሩትን ነው። የጀማሪው ነጭ የበግ ቆዳ ነው።

ዶላር ላይ ያለው ዓይንስ?

ያ ዓይን የአሜሪካ ማኅተም አካል ነው፣ የጸደቀውም በ1782። ሐሳቡን ያመጣው ሠዓሊ ሜሰን አልነበረም። ኢሉሚናቲ ደግሞ ሌላ ነው፤ በ1776 አዳም ቫይሳውፕት የሚባል ፕሮፌሰር ባቫሪያ ውስጥ ያቋቋመው። አሥር ዓመት ሳይሞላው መንግሥት አገደው።

ሃይማኖት ነው?

አይደለም፤ ግን በፈጣሪ የማያምን አይገባም። እኔ በመጽሐፍ ቅዱስ ማልኩ፤ ከጎኔ የነበረው ፓኪስታናዊ በቁርዓን። ስብሰባ ላይ የሃይማኖትና የፖለቲካ ክርክር ክልክል ነው። ሌላውን ወገን ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። የካቶሊኩ ፖፕ ክሌመንት 12ኛ በ1738 ምእመናኑን ከልክለዋል፤ ቫቲካን በ2023 እገዳውን አጽንታለች። መካ ያለው የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ጉባኤም በ1978 ውድቅ አድርጎታል። የሃይማኖት አባቱን የሚሰማ ሰው ይስማ፤ እኔ ሰው ለመመልመል አልመጣሁም።

ሴቶችስ?

እኔ ባለሁበት አይገቡም። እንግሊዝ ውስጥ የራሳቸው ሎጆች አሏቸው።

ምስጢሩን ንገረን፣ አብሽር አንናገርም!

ምስጢር የሚባለው መተዋወቂያ ነው፤ የእጅ አጨባበጥና የይለፍ ቃል። ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል። እኔ ግን አልናገርም፣ ቃል ገብቻለሁ።

ሀብታም ያደርጋል?

ለመዋጮና ለእራት የከፈልኩትን ባጠራቅም ኖሮ ይሄኔ ሰኞ ገበያ ሱቅ ነበረኝ።

ደሴ ልትከፍት ነው የመጣኸው?

ጡረታ ወጥቼ ነው የመጣሁት። የቅሬ መዋጮዬን ከከፈልኩ ይበቃኛል።

ቀለበቱ ወርቅ ነው?

ብር ነው፣ ወርቅ የተቀባ። ጠርዙ ላይ መላጥ ጀምሯል፤ ያ ልጅ ቀረብ ብሎ ቢያይ ኖሮ አይፈራም ነበር።