ጥያቄ አለኝ፦ «ብሩስ» የሚባለው ስም ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ታላቅ እህቴ ኤዲንብራ ነው የምትኖረው። እዚያ የተዋወቀችውን ስኮትላንዳዊ ልታገባ ነው፤ የልጁ የቤተሰብ ስም ብሩስ ይባላል። በቅርቡ በቪዲዮ ስንተዋወቅ አባትየው «እኛ ከኖርማኖች የመጣን ነን፣ የንጉሥ ሮበርት ወገን ነን» ብለው ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን አርማ አሳዩን። አያቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ኖርማን የሚሉት ማንን ነው? ልጁ የማን ዘር ነው?» እያለች መቀመጫ አሳጥታናለች። እኔ ደግሞ ጎንደር የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ትዝ አለኝ። ዘመድ ይሆኑ? እህቴስ የአባታችንን ስም ትታ ብሩስ መባሏ ግድ ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! ጥያቄህን በጣም ነው የወደድኩት፣ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ነው የምመልስልህ። (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ የቆጠርኩትን ዓ.ም. ብዬ እለየዋለሁ።)

ለአያትህ መጀመሪያ ይህን ንገራት፦ ብሩስ ሲነሳ የሰው ስም አልነበረም፣ የቦታ ስም ነው። ሰሜን ፈረንሳይ ውስጥ፣ ኖርማንዲ በሚባለው አገር፣ ኮታንታን የሚሉት ወደ ባሕር ሾልኮ የወጣ መሬት አለ። እዚያ፣ ከሼርቡር ወደብ ብዙም ሳይርቅ፣ ብሪክስ የምትባል ትንሽ መንደር ትገኛለች። ሲጻፍ ብሪክስ ነው፣ ሲጠራ ግን «ብሪ»። በባቡሩ ዘመን ፈረንሳይኛ የለመዱ የድሬ አዛውንቶች ሰፈርህ ካሉ አሳያቸው፣ የመጨረሻዋን ፊደል ውጠው ያነቡልሃል። በድሮ ሰነዶች ላይ ብሩይስ፣ ብሩስ፣ ብሪክስ እየተባለ እንደጸሐፊው ይቀያየራል። ቤተሰቡ እዚያ ግንብ ነበረው፤ ፍርስራሹን እስከ ዛሬ «የአዳም ግንብ» ይሉታል፣ አዳም ደግሞ በዚያ ቤት ደጋግሞ የወጣ ስም ነው። እና «ሮበርት ደ ብሩስ» ሲባል የብሪው ሮበርት ማለት ነው፣ በቃ። የአባት ስም አይደለም።

አሁን ወደ ኖርማኖቹ። ከስካንዲኔቪያ በመርከብ እየመጡ የፈረንሳይን ዳርቻ ሲዘርፉ የኖሩ ሰዎች ነበሩ። በ911 የፈረንሳዩ ንጉሥ ቻርልስ መዋጋቱ ሲሰለቸው አለቃቸውን ሮሎን ጠራና በሩዋን ከተማ ዙሪያ ያለውን መሬት ሰጠው፤ በለውጡ ሮሎ ክርስትና ሊነሳና ከኋላው የሚመጡትን ሌሎች ዘራፊዎች ሊከላከልለት ተስማማ። የእነ ብሩስ አገር ኮታንታን የተጨመረው በ933 ነው። ከዚያ በኋላ እነዚህ ሰዎች ከአገሬው ተጋቡ፣ ቋንቋቸውን ረሱ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆኑ። መቶ ሃምሳ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ! አለቃቸው ዊልያም በ1066 ባሕር ተሻግሮ ሄስቲንግስ ላይ እንግሊዝን ሲያሸንፍ የመርከበኞቹ ዘር ከፈረንሳዩ ገበሬ ዘር ጋር ከተደባለቀ ቆይቶ ነበር። አያትህ «ዘሩ ምንድነው» ካለችህ እንግዲህ ድብልቅ ነው በላት።

የልጁ አባት «ከዊልያም ጋር በ1066 ገባን» ብለውህ ከሆነ ግን እዚህ ላይ ረጋ በል። ብዙ የእንግሊዝና የስኮትላንድ ቤተሰብ እንደዚያ ይላል። ሄስቲንግስ ላይ ከተሠራው ገዳም ወጣ የሚባል የዘማቾች ዝርዝር አለ፣ ነገር ግን በኋላ ዘመን የገቡበት ስሞች ስላሉ የታሪክ ሰዎች አያምኑትም። ዊልያም በ1086 ባስጻፈው ትልቁ የመሬት መዝገብ ላይም የብሩሶች ርስት ይገኛል፤ ይገኛል ግን በኋላ የተጨመረ ገጽ ነው። ቤተሰቡ በትክክል የተነሳው በዊልያም ትንሹ ልጅ በሄንሪ ጊዜ ነው። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው። ሄንሪ ንጉሥ ከመሆኑ በፊት ኮታንታንን ይዞ ስለነበር፣ በ1100 ዘውድ ሲጭን የሚያምናቸውን የዚያን አገር ሰዎች አስከትሎ መሬት እየሰጠ አስቀመጣቸው። ሮበርት ደ ብሩስ ዮርክሻየር ላይ ሰፊ ርስት ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። የሄንሪ ሚስት ወንድም ዴቪድ ደግሞ እዚያው ግቢ ነው ያደገው፤ ከሮበርት ጋር ወዳጅ ሆኑ። ዴቪድ በ1124 የስኮትላንድ ንጉሥ ሲሆን አናንዴል የሚባለውን የድንበር አገር ለሮበርት ሰጠው። የስኮትላንድ ብሩሶች መነሻ ይህ ነው፦ የሁለት ሰዎች ወዳጅነትና አንድ የመሬት ደብዳቤ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን ሁሌም የሚነካኝ በ1138 የሆነው ነው። ዴቪድ ሠራዊቱን ይዞ ወደ እንግሊዝ ዘመተ። ሮበርት ሁለት ጌታ ነበረው፣ በዮርክሻየሩ መሬት ለእንግሊዝ፣ በአናንዴሉ ለዴቪድ። ሸምግሏል። ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ወደ ዴቪድ ሰፈር ሄዶ እንዲመለስ ለመነው፣ እንባ እየተናነቀው እንደለመነው የዘመኑ ጸሐፊ መነኩሴ ጽፎታል። ዴቪድ እሺ ሊል ነበር፣ አጠገቡ የነበሩት አልፈቀዱም። ሮበርት እዚያው ለዴቪድ የገባውን ቃል አፍርሶ ወደ እንግሊዞቹ ተመለሰና ተዋጋ። አናንዴልን የወረሰው ትንሹ ልጁ፣ እሱም ሮበርት፣ ተሰልፎ የነበረው ከዴቪድ ጋር ነው። አባትና ልጅ ፊት ለፊት። እንግሊዞቹ አሸነፉ፤ አባትየው የገዛ ልጁን ማረከ ተብሎም ይነገራል። የቤተሰቡ ስም ለሁለት አገር የተከፈለው በዚያን ጊዜ ነው።

የአማችህ አባት የጠሩት የስኮትላንዱ ንጉሥ ሮበርት የተወለደው በ1274 ነው። እናቱ ማርጆሪ የካሪክ ባላባት ነበረች፣ ኖርማን ሳትሆን የአገሬው የጌይሊክ ተናጋሪ ሕዝብ ልጅ። በ1306 ተቀናቃኙን ጆን ኮሚንን ዳምፍሪስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገደለና በሳምንታት ውስጥ ዘውድ ጫነ። በ1314 ባኖክበርን ላይ የእንግሊዙን ንጉሥ ሠራዊት ድል መታ። በ1329 ሞተ። ልጁ ዴቪድ በ1371 ያለ ልጅ ሲሞት ዙፋኑ የሄደው የንጉሥ ሮበርት ሴት ልጅ ለወለደችው ልጅ ለሮበርት ስቱዋርት ነው። አየህ፣ የንጉሡ በጋብቻ የተወለደ የወንድ መስመር እዚያ ላይ ተቋረጠ። ስለዚህ ዛሬ ብሩስ የሚባል ሰው ሁሉ ከንጉሡ በወንድ በኩል ወረደ ማለት አይቻልም። ከጎን ቅርንጫፍ የመጡ አሉ፦ ክላክማናን የሚባለው ቤት ዋነኛው ነው፣ ንጉሥ ዴቪድ በ1359 ለዚያ ቤት አባት መሬት ሲሰጥ «ዘመዳችን» ብሎ ነው የጠራው። ሌሎች ደግሞ የጌታቸውን ስም የወሰዱ ጭሰኞችና አገልጋዮች ልጆች ናቸው፤ ይህ በስኮትላንድ የተለመደ ነበር፣ ነውርም አልነበረውም፣ ዛሬም የለውም።

ወደ ጎንደሩ ጄምስ ብሩስ ስንመጣ ነገሩ ይበልጥ ይጣፍጣል። በ1730 ኪኔርድ በሚባል የቤተሰቡ ርስት ተወለደ። የኪኔርድ ብሩሶች ከክላክማናን ቤት የወጡ ናቸው። እሱ ራሱ በንጉሥ ሮበርት ዘመድነቱ እጅግ የሚኮራ ሰው ነበር። ግን የአባቱ አባት ብሩስ አልነበረም! ዴቪድ ሄይ ይባል ነበር። የኪኔርድን ርስት የወረሰችው ሄለን ብሩስ የምትባል ሴት ነች፤ ሄይ አገባት፣ ልጃቸው ደግሞ ርስቱን ለመያዝ የእናቱን ስም ወሰደ። ጄምስ የዚያ ልጅ ልጅ ነው። (ሄይም ራሱ ከኖርማንዲ የመጣ ስም ነው፣ ደ ላ ሄይ ከሚባለው። ሰውየው በአባቱም ቢቆጠር ከኖርማኖቹ አያመልጥም ነበር።) ጎንደር በ1770 ሲገባ በፈንጣጣ የታመሙትን የራስ ሚካኤል ስሑል ቤተሰብ ልጆች አከመ፣ እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ተቀበሉት፣ ግሽ ዓባይን አየ፣ በኋላም የመጽሐፈ ሄኖክን ቅጂዎች ይዞ ሄደ። ጎንደሬዎቹ ብሩስ ብለው አልጠሩትም። ያዕቆብ ነበር የሚሉት፤ በገዛ ስሙ፣ ጄምስ ማለት ያዕቆብ ስለሆነ።

አማችህ ከእሱ ጋር ይዛመድ እንደሆን ስሙን አይተህ አታውቀውም፣ መዝገብ ነው የሚነግርህ። ደስ የሚለው፣ ስኮትላንድ ውስጥ መዝገቡ አለ። ከ1855 ጀምሮ መንግሥት ልደት፣ ጋብቻና ሞት ይመዘግባል፣ የልደት መዝገቡ ላይ የእናትየው የትውልድ ስምም ይጻፋል። ከዚያ በፊት ያለው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ስኮትላንድስ ፒፕል በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ይገኛል። እህትህና እጮኛዋ አንድ ቅዳሜ ተቀምጠው ከእሱ አያት ወደ ላይ ቢቆጥሩ፣ ለአያትህም ሰባት ቤት ቆጥረው ቢልኩላት፣ ከአርማው ይልቅ እሷን የሚያሳርፋት ያ ነው።

ስለ አርማው፦ ወርቃማ መደብ ላይ ቀይ ኤክስ መስቀልና ከላይ ቀይ መደብ ከሆነ የአናንዴል ብሩሶች ነው። በስኮትላንድ ሕግ ግን አርማ የአንድ ሰው ንብረት ነው፣ የስም አይደለም። ሎርድ ላዮን የሚባል ባለሥልጣን ፍርድ ቤት ጭምር ይዞ ይቆጣጠረዋል። የቱሪስት ሱቆች «የብሩስ ቤተሰብ አርማ» እያሉ ለማንም ይሸጣሉ፤ ግድግዳ ላይ መስቀሉ ጥፋት የለውም፣ የዘር ማስረጃ ግን አይሆንም። ይህን ለአማታችሁ ከሠርጉ በፊት መንገር አያስፈልግም፣ እሳቸው በቤታቸው ስም ቢኮሩ ደግ ነገር ነው።

የመጨረሻው፣ ዋናውም እሱ ነው። እህትህ ስሟን የመቀየር ምንም ግዴታ የለባትም። እንዲያውም በድሮው የስኮትላንድ ልማድ ያገባች ሴት በሕግ ፊት የአባቷን ስም ይዛ ነበር የምትኖረው፤ እዚያ አገር ያሉ የድሮ መቃብሮች ላይ ሚስቶች በትውልድ ስማቸው ተጽፈው ታገኛለህ። እኛም ዘንድ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር ሊያስለምደን ሞክሮ ነበር፣ አልያዘልንም፣ ዛሬም በአባታችን ስም ነው የምንጠራው። የምትቸገረው ልጅ ስትወልድ ነው። የልጁን ስም አሁኑኑ ይነጋገሩበት፣ ምክንያቱም ፓስፖርትና ትምህርት ቤት ላይ የእናትና የልጅ ስም ሲለያይ ሁሌ ማስረዳት ይመጣል። የአባታችሁን ስም ለልጁ መካከለኛ ስም አድርገው ቢሰጡት እኔ በጣም ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ሀረር ጀጎል ውስጥ አስጎብኚ ነኝ። በ1855 ሀረር የገባው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን ስሙ ኖርማን ነው ብሎ አንድ እንግዳ ተከራከረኝ። እውነት ነው? ኖርማን የሆነው ስም በምን ይለያል?

መልስ፦ ግማሽ እውነት ነው። በርተን የጥንት እንግሊዞች የቦታ ስም ነው፣ ኖርማኖች ሳይመጡ የነበረ፤ እንግሊዝ ውስጥ በርተን የሚባሉ መንደሮች ብዙ ናቸው። ሪቻርድን ግን ወደ እንግሊዝ ያስገቡት ኖርማኖች ናቸው፣ ከዊልያም፣ ከሮበርትና ከሄንሪ ጋር። ከ1066 በኋላ እንግሊዞች የአያቶቻቸውን ስም እየተዉ ለልጆቻቸው እነዚህን ማውጣት ጀመሩ።

መለያው? ኖርማንዲ ውስጥ ያችን መንደር ፈልግ። ሞንትጎመሪ አለ፣ ካልቫዶስ ውስጥ፤ በ1944 ኖርማንዲ ላይ የወረደውን የምድር ጦር የመራው እንግሊዛዊ ጄኔራል ሞንትጎመሪ የዚያ ስም ተሸካሚ ነው። ሞርቲመርም ከሞርትመር ነው። በ«ፊትዝ» የሚጀምሩት ደግሞ የአባት ስም ናቸው፣ እኛ እንደምንጠራራው፦ ፊትዝጄራልድ የጄራልድ ልጅ ነው። «ደ» ብቻውን ግን አያስተማምንም። በስኮትላንድ ዙፋን ከብሩሶች ጋር የተሟገተው የባሊዮል ቤት ከፒካርዲ ነው፣ ስቱዋርቶች ከብሪታኒ፤ ሁለቱም ከኖርማንዲ ውጭ ያሉ የፈረንሳይ አገሮች ናቸው። ሁለቱ ቤተሰቦች ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆነው ስለመጡ ሰው ኖርማን ይላቸዋል። እንግዳህ እንደገና ከተከራከረህ የመንደሯን ስም ጠይቀው።