የመጫወቻ ሽጉጥን ብርቱካናማ ጫፍ ጥቁር መቀባት ይቻላል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ አሜሪካ ውስጥ የልጄን የመጫወቻ ሽጉጥ ጫፍ ጥቁር ብቀባው እጠየቃለሁ ወይ ብለሃል። በእኔ ምክር አትንካው።

ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል ሕግ በዋናነት የሚይዘው አምራቹን፣ አስመጪውንና ነጋዴውን ነው። ከእውነተኛ ሽጉጥ እንዲለይ አፈሙዙ ላይ የማይነቀል ደማቅ ብርቱካናማ ውታፍ ይደረጋል፤ ከጫፉ ከ6 ሚሊሜትር በላይ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። ካልሆነም መላ አካሉ ውስጡን የሚያሳይ ወይም እንደ ነጭ፣ ደማቅ ቀይና ቢጫ ባለ ቀለም የተሠራ ይሁን ይላል። ትንንሽ የፕላስቲክ ጥይት የሚተኩሰው ኤርሶፍት የሚባለው ሽጉጥም እዚሁ ውስጥ ይገባል። የሚገርመው፣ በአየር ግፊት የብረት ጥይት የሚተፋው ቢቢ የሚባለው ሽጉጥ ግን ከዚህ ነፃ ነው! ለምን እንደሆነ እኔም አይዋጥልኝም። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጉዳዩ ከንግድ ሚኒስቴሩ ወጥቶ ለሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ተሰጥቷል።

የግዛቶች ሕግ ግን አንተንም ሊይዝህ ይችላል። ለምሳሌ ካሊፎርኒያ ውስጥ ምልክቱን ያጠፋ ወይም የቀየረ ሰው በወንጀል ይጠየቃል። ስለዚህ ያለህበትን ግዛት ሕግ እይ።

ከሕጉ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ክሊቭላንድ ከተማ ውስጥ ፖሊስ ተኩሶ የገደለው የ12 ዓመት ልጅ የያዘው ኤርሶፍት ነበር፤ ብርቱካናማው ጫፍ ተነቅሏል። ደግሞ ጫፉ ስላለ ብቻ አትተማመን፤ እጅ ሲሸፍነው ወይም ሲመሽ አይታይም። ሽጉጡ ከግቢ አይውጣ።