የባንድ ቤት ለመክፈት ላሰባችሁ ልጆቼ

ሰሞኑን ሦስት ወጣቶች ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ሁለቱ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ሦስተኛዋ የሂሳብ ባለሙያ ናት። ቦሌ አካባቢ አንድ ቪላ ተከራይተው ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ባንድ የሚጫወትበት ቤት ሊከፍቱ አስበዋል። እኔ መጀመሪያ በቤዝ ጊታር ተጫዋችነት፣ በኋላም በድምፅ ባለሙያነትና በክለብ ሥራ አስኪያጅነት ከአርባ ዓመት በላይ በዚሁ ሥራ ስለቆየሁ ምክር ፈልገው ነው የመጡት። ስለ ስፒከሩ ዓይነት፣ ስለ መድረኩ ስፋትና ስለ መብራቱ ቀለም ብዙ ጠየቁኝ። ለሙዚቀኞቹ የሚከፈለው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ግን አንዳቸውም አላነሡም። ያን ዕለት በቃል የነገርኳቸውን፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ላላችሁ ሌሎች ልጆቼም እንዲደርስ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

በከተማችን የባንድ ሙዚቃ ራሱን ችሎ ተሸጦ አያውቅም ብል ብዙ የተሳሳትኩ አይመስለኝም። ሁልጊዜ የሚሸከመው ሌላ ትከሻ ነበረው። በንጉሡ ዘመን የክቡር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች የመንግሥት ደመወዝተኞች ነበሩ። ከእነሱ ቀጥለው ስም ያወጡት ባንዶች ደግሞ ሆቴል ነበራቸው፤ ዋልያስ በሂልተን፣ አይቤክስ በራስ ሆቴል፣ ዳህላክ በግዮን ሲጫወቱ፣ ሆቴሉ ባንዱን የሚይዘው አልጋውንና ምግቡን ጭምር ለመሸጥ ነበር። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ መጣ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ መንገድ ላይ መገኘት ስለማይቻል፣ በሩ አንዴ ከተዘጋ እንግዳው እስኪነጋ ድረስ እዚያው ነው፤ ባንዱ እስኪነጋ ይጫወታል፣ እንግዳው እስኪነጋ ይጠጣል። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ቆሜ እየተጫወትኩ ያንቀላፋሁባቸው ሌሊቶች ነበሩ። ፈጣሪ ይቅር ይበለንና፣ ለቤቱ ባለቤት ከዚያ የተሻለ የገበያ ዘዴ አልተፈጠረም።

ከዚያ በኋላ ትከሻውን የሰጡት የቢራ ፋብሪካዎች ናቸው። ፍሪጁን፣ ወንበሩን፣ የበሩን ታፔላ፣ አንዳንዴም የመድረኩን ወጪ እነሱ ይችሉልን ነበር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን በእጅጉ ሲያጠብ ያም እጅ አጠረ። (ይኸው አዋጅ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ውስጥ ሲጋራ ማጨስን ከልክሏል። ሃያ ዓመት በሰው ጭስ ሲያስለኝ ለኖርኩት ለእኔ በዚህ በኩል ባለውለታዬ ነው።) በ2012 ዓ.ም. መጋቢት በኮሮና ምክንያት የምሽት ክበቦች ሲዘጉ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያለነው ሁሉ ከጀርባችን ምንም እንዳልነበረን ቁልጭ ብሎ ታየን።

ዛሬ የቀረው ተሸካሚ የቢራው ጠርሙስ ብቻ ነው። ይችላል ወይ? አብረን እናስላው። ቤታችሁ ሰማንያ ወንበር አለው፣ ባንዱ ድምፃዊውን ጨምሮ ለአንድ ሌሊት 18,000 ብር ይጠይቃል እንበል። ከአንድ ቢራ፣ መግዣውና 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ተቀንሶ 50 ብር ይተርፋል እንበል። ለባንዱ ብቻ 360 ጠርሙስ መሸጥ አለባችሁ ማለት ነው። ወንበሩ ሁሉ ቢሞላ እንኳ ለእያንዳንዱ እንግዳ አራት ተኩል ቢራ ይደርሰዋል፤ ኪራይ፣ መብራት፣ አስተናጋጅ፣ ጥበቃና የጀነሬተሩ ናፍጣ የሚከፈሉት ከዚያ በኋላ ከሚጠጣው ነው። ሐሙስ ደግሞ ወንበሩ አይሞላም። በሦስቱ ወጣቶች ፊት ይህን ስጽፍ፣ የሂሳብ ባለሙያዋ ልጅ ወረቀቱን ወደ ራሷ ስባ ዝም ብላ ቆየች።

አሁን በሩ ላይ 200 ብር መግቢያ አስከፍሉ። ሰማንያ ሰው 16,000 ብር ይከፍላል፤ ታክሱ ሲወጣ ወደ 13,900 ብር ይቀራል። የጎደለውን 4,100 ብር ለመሙላት ከእያንዳንዱ እንግዳ የሚጠበቀው አንድ ጠርሙስ ያህል ብቻ ነው። «ሰዉ መግቢያ አይከፍልም» ትሉኛላችሁ፤ እኔም ለብዙ ዓመታት ስል የኖርኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን አዝማሪ ቤትን አስታውሱ። እዚያ አድማጩ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል፣ ብሩ ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። ሰዉ ለሙዚቃ መክፈልን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል፤ እኛ የክለብ ሰዎች ነን ባንዱን ለቢራው ምርቃት አድርገን የሰጠነው። ሽልማት አንድ ማሲንቆ ያኖር ይሆናል። ስድስት ሰው ያለበትን ባንድ ግን ስለማያኖር፣ የመግቢያው ገንዘብ የባንዱ መሆኑን በሩ ላይ በግልጽ ጻፉ፤ እንደጻፋችሁትም አድርጉ። እኔ ይህን ስጀምር በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት እንግዳው በግማሽ ቀነሰ። የቀረው ግን ሊያዳምጥ የመጣ ሰው ስለነበረ፣ ድምፃዊው ሲጀምር ወሬውን ያቆም ነበር።

በክለብ ሥራ አስኪያጅነት ዘመኔ እንቅልፍ የነሣኝ ትልቁ ነገር ግን ድምፅ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። በአገራችን የአካባቢ ጥበቃ ደረጃ በመኖሪያ ሰፈር የሚፈቀደው የድምፅ መጠን ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው፤ በንግድ አካባቢ ደግሞ ቀን 65፣ ሌሊት 55። አንድ ድራመር ያለ ምንም ማጉያ፣ በባዶ እጁ ሲመታ አጠገቡ ለቆመ ሰው 100 ዴሲቤል ያህል ይደርሳል። እንግዲህ ከድራሙ እስከ ጎረቤት መስኮት ያለውን ልዩነት የሚበላላችሁ ግድግዳው ነው፤ የእኛ አገር ቪላ ደግሞ ግድግዳው ብሎኬት ቢሆንም ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱም ስስ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ አስተዳድረው የነበረ ቤት በአጥር የሚያዋስናቸው አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ቅዳሜ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆሙ። አልጮሁም፣ አልተሳደቡም። «ልጄ፣ ና እስቲ አንድ ነገር ላሳይህ» ብለው እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ከውስጥ ሆኖ ለሚያዳምጥ ምን እንደሚዘፈን አይለይም፤ የድምፃዊው ቃል አይሰማም። ረከቦቱ ላይ የተደረደሩት ሲኒዎች ግን በእያንዳንዱ የቤዝ ምት እርስ በርሳቸው እየተነካኩ ቅጭል ቅጭል ይላሉ። «እስከ አሥር ሰዓት እንዲህ ነው» አሉኝ። ሃያ ዓመት ቤዝ ስጫወት የእኔ ድምፅ የት ድረስ እንደሚሄድ ያወቅሁት የዚያን ሌሊት ነው።

ከዚያ በፊት ግድግዳውን ሙሉ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ለጥፈንበት ነበር፤ ዛሬም ብዙ ቤት ውስጥ አየዋለሁ። ካርቶኑም ሆነ ስፖንጁ የሚቀንሰው በክፍሉ ውስጥ የሚመላለሰውን ገደል ማሚቶ ነው፤ ለድምፃዊው ይመቸው ይሆናል፣ ወደ ውጭ የሚያልፈውን ቤዝ ግን አይነካውም። ቤዝን የሚያቆመው ክብደት ነው። ከነባሩ ግድግዳ የተወሰነ ክፍተት ትታችሁ ሁለተኛ ግድግዳ አስገንቡ፤ ኮርኒሱን ደራርቡት፤ የበርና የመስኮት ቀዳዳዎችን አንድም ሳታስቀሩ ድፈኑ፤ ምክንያቱም አየር የሚያልፍበት ሁሉ ድምፅ ያልፍበታል። መግቢያችሁ በመካከላቸው ትንሽ ክፍል ያለባቸው ሁለት በሮች ይኑሩት፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ዝግ ይሆናል። የቤዝ ስፒከሩንና ድራሙን ወፍራም ጎማ ላይ አስቀምጡ። እኛ ይህን ለመሥራት በክረምት ሦስት ሳምንት ዘግተን ከፍተኛ ገንዘብ አፈሰስን፤ እኚያ እናት ቀበሌ ሄደው አያውቁም፤ በሌላው በኩል ያለው ጎረቤት ግን ቀድሞ ሄዶ ነበርና ሁለት ጊዜ ታሽገናል። ወጪውን ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ያላሰበ ሰው፣ ከታሸገ በኋላ እጥፉን ይከፍላል።

ይህን ሁሉ ሠርታችሁ ግን ቤቱ የእናንተ አይደለም። ሁለተኛውን ግድግዳ ያቆማችሁት በሰው ግቢ ነውና ውላችሁ የሁለት ዓመት ብቻ ከሆነ ለአከራዩ ቤት አሳምራችሁ መውጣታችሁ ነው። ስለዚህ ረጅም ውል፣ የኪራይ ጭማሪው መጠን በቁጥር የተጻፈበት፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ይሁን። ከውል በላይ የሆነ ነገርም አለ። ካዛንቺስ ውስጥ የአዝማሪ ቤትን ወግ ይዞ የውጭ አገር ሙዚቀኛ ሳይቀር የሚሰበሰብበት የነበረው ፈንድቃ፣ በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ አብሮ ፈርሷል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ቦታው በከተማው ፕላን ምን ተብሎ እንደተያዘ ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ ጠይቁ። በጥር 2007 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በተነሣው እሳት ጃዝ አምባ ሲወድም ያየን ሰዎች ደግሞ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን በባለሙያ ሳናስፈትሽና የእሳት መድን ሳንገባ መሣሪያ ማስገባት ትተናል።

ስለ መሣሪያ በአጭሩ ልለፍ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የጊታር ክር፣ የድራም ቆዳ፣ ኬብል፣ ማይክሮፎን ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው። ለመጀመሪያው ቀን የሚያምር ሚክሰር (የድምፅ ማቀላቀያ) ከመግዛት፣ ያገለገለ ጥሩ ሚክሰርና የስድስት ወር መለዋወጫ መግዛት ይሻላል። መብራት በመሃል ሲጠፋ ሚክሰሩን እንዳይጎዳው የሚጠብቅ ዩፒኤስም አትርሱ።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፤ ይህን የምጽፈው እያፈርኩ ነው። አንድ ወቅት ገበያው ሲቀዘቅዝብኝ ለባንዱ ክፍያውን «ሳምንት» እያልኩ ሦስት ሳምንት አሳልፌያለሁ። ኪራይና ታክስ ቀን ጠብቀው ስለሚመጡ፣ የሙዚቀኛው ግን የሚታገሥ ስለሚመስል፣ ሁልጊዜ የሚቆረጠው ከእሱ ነው። በአራተኛው ሳምንት ሐሙስ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ መድረኩ ባዶ ነበር፤ ባንዱ ሙሉ በሙሉ ሌላ ቤት ገብቷል። ያን ማታ እንግዳውን በካሴት ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ጋር የተጻፈ ውል አለኝ፤ ክፍያው የዚያኑ ሌሊት፣ ካዝናው ሳይዘጋ ነው፤ የመመለሻ መኪናም በእኔ ነው፤ ምክንያቱም ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳክስፎን ይዞ በእግሩ የሚሄድ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ላይመጣ ይችላል። በውሉ ውስጥ ድምፃዊው ለዓውደ ዓመት ኮንሰርት ወደ ዱባይ ወይም ወደ አሜሪካ ሲሄድ ማን እንደሚተካው ይጻፍ፤ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ታዋቂዎቹ ሁሉ ይሄዳሉና።

ባንዶቻችን በአብዛኛው የሚጫወቱት የቀደሙ ድምፃውያንን ሥራ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ሆነ በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያው፣ አንድን ዜማ በሕዝብ ፊት ማቅረብ የደራሲው መብት መሆኑን ይናገራሉ። የእኔ ትውልድ ይህን እንዳልሰማ ሆኖ አልፏል። እናንተ የሮያሊቲን፣ ማለትም ለሥራው ባለመብት የሚከፈለውን ክፍያ ከመጀመሪያው ወጪ ውስጥ ቁጠሩት፤ ለባንዳችሁም በሌሊቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የራሱን ሥራ የሚያቀርብበት ጊዜ ስጡት።

ሦስቱ ወጣቶች በጥር ልንከፍት ነው ሲሉኝ ሳቅሁ። ጥር የሠርግ ወር ነው፣ ሞቅ ይላል፤ ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሑዳዴ 55 ቀን ነው፤ ከእንግዳችሁ ብዙው መጠጥና ጭፈራ ይተዋል፤ የቤቱ ኪራይ ግን አይጾምም። በጥር ተከፍተው ለፋሲካ ያልደረሱ ስንት ቤቶች አይቻለሁ። ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት የሁለት ወር ኪራይና የባንዱን ግማሽ ክፍያ ለይታችሁ ባንክ አስቀምጡ። በጾሙ ወቅት ባንዱን በግማሽ ክፍያ ያዙት፤ ሳምንቱን አዲስ ዜማ ያጥና፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያለ መጠጥ፣ በቡናና በሻይ ብቻ የሚቀርብ ጸጥ ያለ የመሣሪያ ሙዚቃ ያሰማ። እኔ ዘግይቼም ቢሆን እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ በኋላ፣ የትንሣኤ ዕለት ማታ ድራመሬ ከሰዓቱ ቀድሞ መጥቶ መድረኩ ላይ በድራም ዱላዎቹ እጁን ሲያሟሙቅ አገኘው ነበር።