ማሾና አቅም ግንባታ ምን አገናኛቸው?

በዚህ እትም ከሰሜን ሸዋ የደረሱንን ሦስት ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርገናል። ጠያቂዎቹ አይተዋወቁም። የሚያበሳጫቸው ነገር ግን ይቀራረባል።

ጥያቄ፦ ሸዋ ሮቢት ነው የምኖረው። ከገበሬ ማሾ ሰብስቤ ለላኪዎች አስረክባለሁ። በቅርቡ ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ንግድና አካባቢ ጥበቃ ሥልጠና ተጠርተን ነበር። ምሳው ጥሩ ነበር፣ አበሉም ተከፍሎናል፣ ሰርተፊኬትም ይዤ ተመልሻለሁ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ የአካባቢ ጥበቃ ከእኔ ማሾ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ሳይገባኝ ነው የመጣሁት። ይሄ አቅም ግንባታ የሚሉት ነገር የማንን አቅም ነው የሚገነባው?
ማሾ ሰብሳቢው፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ጋሼ፣ ይህን ማስረዳት የነበረባቸው አሠልጣኞቹ ናቸው። እስቲ እኔ ልሞክር።

ድሮ የውጭ ገበያ ትልቁ ራስ ምታት ቀረጥ ነበር። አሁን እንደኛ ላለ አገር ቀረጡ ብዙም አያሳስብም። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ከድሃ አገሮች የሚሄድ ምርት ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ እንዲገባ ፈቅዷል። የማይጨምረው የጦር መሣሪያን ነው። እኛም አለንበት። ስለዚህ ዛሬ የሚመጣው ጥያቄ ሌላ ነው። ምን ረጭታችሁበታል? በምን አሸጋችሁት? የበቀለበት መሬት ደን ነበር ወይ?

የመጀመሪያውን እንይ። አውሮፓም ጃፓንም፣ የተለየ ገደብ ላልወጣለት ፀረ ተባይ የሚፈቅዱት ቅሪት በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ብቻ ነው። ይህ ሲመነዘር በ1,000 ኩንታል ማሾ ውስጥ 1 ግራም መሆኑ ነው። አሁን መጋዘንዎን ያስቡ። ነቀዝ ሲገባ ሰዉ ምን ያደርጋል? ከሱቅ ስሙ የተፋቀ ዱቄት ገዝቶ ይነሰንሳል። እርስዎ አላደረጉትም እንበል። ከስንት ገበሬ ሲሰበስቡ ግን አንዱ ማድረጉ አይቀርም፣ የሱም ማሾ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚጫነው።

በወሬ ላስፈራራዎት አይደለም፣ በቡና ደርሶብናል። በ2000 ዓ.ም. ጃፓን ከእኛ የሄደ ቡና መርምራ ከገደቡ በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘችበት። ያኔ ከዋነኞቹ ገዢዎቻችን አንዷ ነበረች። ወደዚያ የሚሄደው ቡና ወዲያው አሽቆለቆለ። በኋላ ጣት የተቀሰረው ቡናው የተጫነበት ጆንያ ላይ ነበር። ገበሬው ማሳው ላይ ምንም ሳይረጭ በጆንያ ምክንያት ገበያ ይዘጋበታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ የሚያድነው ዕቃው ከየትኛው መጋዘን እንደወጣ የሚያሳይ መዝገብ ነው፣ ናሙናውን ቶሎ የሚመረምር ላብራቶሪ ነው፣ ውጤቱን ይዞ ከገዢው አገር ባለሥልጣን ጋር የሚከራከር ሰው ነው። አቅም ሲባል ይሄ ነው። ሰርተፊኬትዎ ግድግዳ ላይ ያምራል፣ ማሾውን ግን አያስገባም።

ላብራቶሪ ሲባል ደግሞ ማሽን መግዛቱ ቀላሉ ነገር ነው። ማሽኑን የሚያውቅ ኬሚስት ያስፈልጋል፣ ያለቀ ኬሚካል የሚተካበት ዶላር ያስፈልጋል፣ ሲበላሽ የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የውጭ ገዢ ውጤቱን እንዲያምነው የአክሪዲቴሽን እውቅና፣ ማለትም ላብራቶሪው በትክክል እንደሚመረምር ገለልተኛ አካል የሚሰጠው ማረጋገጫ፣ ያስፈልጋል። ረጂዎች ማሽን ሲያስረክቡ ፎቶ ይነሳሉ። መለዋወጫ ሲያስረክብ ፎቶ የተነሳ አይቼ አላውቅም። ለዚህ ሥራ ገንዘብ ጠፍቶ አይደለም፤ የዓለም ንግድ ድርጅት፣ የዓለም ባንክ፣ የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት በጋራ ያቋቋሙት ፈንድ አለ። ፈንዱ ግን በደንብ የተጻፈ የፕሮጀክት ጥያቄ ይፈልጋል፣ ያንን ለመጻፍም አቅም ያስፈልጋል። አዙሪት ነው።

እርስዎ እስከዚያ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። ባለ ሦስት ሽፋኑን ከረጢት ይጠቀሙ። በደንብ ከታሰረ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ታፍኖ ይሞታል። አንድ ደብተር ይግዙና ከማን፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ መቼ እንደገዙ፣ ምን እንደተረጨበት ይጻፉ። መድኃኒት ነክቶታል ያሉትን ለብቻው ያስቀምጡ። ሌላ ጊዜ ሥልጠና ሲጠሩም እጅዎን አውጥተው ይጠይቁ፦ ናሙናዬን የት ላስመርምር? ስንት ያስከፍላል? የሚከፍለውስ ማነው? መልስ ካጡ ምሳውን በልተው ይምጡ።

ጥያቄ፦ ፈረንጆቹ ዓለምን አጭሰው ሲያበቁ አሁን እኛን ስለ አካባቢ ሊያሠለጥኑ ይመጣሉ። ገበያቸውን መዝጊያ ዘዴ አይደለም ወይ? የመንዝ ሰው ጓሳን ሲጠብቅ ማን አሠልጥኖት ነው?
የመንዙ ልጅ፣ ከመሐል ሜዳ

መልስ፦ ስለ ጓሳ፣ ስለዚያ የመንዝ የጋራ የሣር መሬት፣ ያልከው እውነት ነው። የመንዝ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሣሩ መቼ እንደሚዘጋና መቼ እንደሚከፈት ራሳቸው እየወሰኑ፣ አባ ቄራ በሚባል ከመካከላቸው በሚመረጥ አለቃ እያስጠበቁ ኖረዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሕዝቡ መልኩን ለውጦ መልሶታል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ዛሬም እዚያ አሉ። ያ ሕግ የጸናው ግን ሕግ አውጪውና ሣር አጫጁ አንድ ሰው ስለነበረ ነው። የዓለም ንግድ ሕግ ላይ የቸገረን ይሄው ነው፤ አውጪው ሌላ፣ ፈጻሚው ሌላ።

የአውሮፓን የደን ሕግ ተመልከት። በ2015 የወጣ ነው። ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ተመንጥሮ የተመረተ ቡና፣ ካካዎ፣ የከብት ውጤትና ሌላም አላስገባም ይላል። እያንዳንዱ ማሳ በጂፒኤስ ተለክቶ እንዲመጣም ይጠይቃል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ግን ግማሽ ሄክታር ያለው የካፋ ገበሬ ጋ ጂፒኤስ ይዞ የሚሄደው ማነው? ወጪውስ በማን ነው? ራሳቸውም አልተዘጋጁም ነበርና ተፈጻሚነቱን ሁለት ጊዜ ገፍተውታል።

ታዲያ ዘዴ ነው ወይስ አሳቢነት? በእኔ እይታ ሁለቱም አለበት። የትኛው ሕግ የምር ለአካባቢ ታስቦ እንደወጣ፣ የትኛው የራሳቸውን አምራች ለመጠበቅ እንደሆነ የሚለየው ረቂቁን አንብቦ የሚከራከር ሰው ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት አባላት እንዲህ ያለ ረቂቅ ሲያወጡ አስቀድመው ያሳውቃሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአስተያየት 60 ቀን ይሰጣሉ። በ60 ቀን ውስጥ ካልተናገርክ በኋላ ማማረር ብቻ ነው የሚተርፍህ። እኛ ደግሞ ድርጅቱ ውስጥ ለመግባት በ1995 አመልክተን ከሃያ ዓመት በላይ ተደራድረናል።

ደግሞ አካባቢን ጠቅሶ ንግድ መገደብ የፈረንጅ ብቻ አይደለም ወንድሜ። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ የከለከልነው እኛ ነን። የዶላሩ ጣጣ እንዳለበት ይታወቃል።

ለውጭ እርዳታ ምስጋና የምሰጥበት አንድ ጉዳይ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢና የንግድ ተቋማት በጋራ የጀመሩት አንድ ፕሮግራም የምሥራቅ አፍሪካ አገሮችን ሲደግፍ፣ የኦርጋኒክ ምርት ደረጃን ከአውሮፓ ገልብጡ አላለም። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያን ጨምሮ የአካባቢው አገሮች ገበሬውን፣ ነጋዴውንና መንግሥትን አስቀምጠው የራሳቸውን ጻፉ። በ1999 ዓ.ም. የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አጸደቀው። ኪሊሞሃይ የሚባል የጋራ ምልክትም አላቸው። እኛ በ1998 የኦርጋኒክ እርሻ አዋጅ አውጥተናል፣ ምስክር ወረቀቱን የሚሰጡን ግን አሁንም በአብዛኛው የውጭ ድርጅቶች ናቸው፣ ክፍያቸውም በዶላር።

ጥያቄ፦ በወረዳ አካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። ከንግድ ጽሕፈት ቤቱ ጋር አንድ ግቢ ነን፣ ከስብሰባ ውጭ ግን አንነጋገርም። ስለ ንግድና አካባቢ መማር እፈልጋለሁ፣ ለማስተርስ ብር የለኝም።
የወረዳዋ ባለሙያ

መልስ፦ እህቴ፣ ማስተርሱ ይቆይ። የዓለም ንግድ ድርጅት በኢንተርኔት የሚሰጣቸው ነፃ ኮርሶች አሉ፣ በንግድና አካባቢ ላይ ጭምር። ዩኤን ሲሲ ለርን የሚባለው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ትምህርት ድረ ገጽም ነፃ ነው። ኢፒንግ የሚባለው የንግድ ሕግ ረቂቆችን የሚያሳውቅ ድረ ገጽ ላይ ብትመዘገቢ ደግሞ የመረጥሽውን ምርትና አገር የሚመለከት አዲስ ረቂቅ ሲወጣ በኢሜይል ይደርስሻል። ለሸዋ ሮቢቱ ጋሼም ልታነቢላቸው ትችያለሽ፣ አማርኛ ስለሌለው።

ግን ከሁሉ በፊት አጥሩን ሳትወጪ የምትሠሪው አለ። በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ለሚያስፈልገው ፕሮጀክት የንግድ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ፕሮጀክቱ የግምገማውን ይሁንታ ማግኘቱን ማረጋገጥ አለበት። ይሁንታው ያለው እናንተ ጋ ወይም በላይ ካለው መሥሪያ ቤት ነው፣ ፈቃዱ እነሱ ጋ። የሁለታችሁን ዝርዝር ጎን ለጎን አድርጊና የት ላይ እንደማይገጥም እይ። ቆዳ፣ ሱፍ አጠባና ድንጋይ መፍጫው ላይ ጀምሪ። ያገኘሽውን ጻፊልን፣ የድርጅቶቹን ስም ሳይሆን የትኛው ዘርፍ እንደሚበዛበት።