«በአደባባይ ብናገር እከሰሳለሁ ወይ?»

የአየር ንብረት ሳይንስ የማስተርስ ተማሪ ነሽ። ጥናትን ለሕዝብ የማስረዳት ሥራ ቀርቦልሻል። ስለ ስም ማጥፋት ክሶች ከሰማሽ ወዲህ ግን «ላቦራቶሪዬ ውስጥ ብቀርስ?» እያልሽ ነው።

እህቴ፣ እኔ ሥራውን ያዢው ነው የምልሽ። ፍርሃትሽ ግን ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም።

የምድር ሙቀት ለብዙ መቶ ዓመታት ብዙም ሳይለወጥ ቆይቶ በቅርቡ ሽቅብ መውጣቱን በሚያሳየው የ«ሆኪ ዱላ» ግራፉ የሚታወቀውን የአየር ንብረት ሳይንቲስት ማይክል ማንን ታውቂዋለሽ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት ጸሐፊዎች በዳታ አጭበርብሯል የሚል ነገር ጻፉበት፤ ዋሽንግተን ላይ ከሰሳቸው። ፍርድ የተሰጠው በ2024 ነው። ለጉዳቱ የተፈረደለት ካሳ ከእያንዳንዳቸው 1 ዶላር። በቅጣት መልክ ደግሞ ከአንዱ 1 ሺህ፣ ከሌላው 1 ሚሊዮን ተጨመረለት። በ2025 ዳኛው ሚሊዮኑን ወደ 5 ሺህ አወረደው። በዚያው ዓመት ማይክል ማን ራሱ፣ የአንደኛውን ጽሑፍ በማውጣቱ አብሮ ተከሶ ከክሱ ነፃ ለወጣው ናሽናል ሪቪው መጽሔት ከ530 ሺህ ዶላር በላይ የጠበቃ ወጪ እንዲከፍል ታዘዘ።

መክሰስ አልነበረበትም አልልም። ዕድሜሽን የሰጠሽበትን ሥራ ሰው ማጭበርበር ሲለው ያንገበግባል። ግን ገና ሥራ የጀመረ ሰው ይህን ሁሉ ዓመት በምን አቅሙ ይችለዋል? ስለዚህ አንቺን ቢሰድቡሽ መጀመሪያ ዳታሽንና ኮድሽን አውጥተሽ መልሺ። ፍርድ ቤት መጨረሻ ላይ ይምጣ።

አንቺ ስትናገሪ ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገሮችን ለይተሽ ያዢ። «ስሌቱ ተሳስቷል» የሚለው ስለ ሥራው ነው፤ በማስረጃ ትከራከሪበታለሽ። «ሆን ብሎ ቁጥር ፈጠረ» የሚለው ግን ስለ ሰውየው ሐሳብ ነው። የሰው ሐሳብ በምን ይረጋገጣል? ክስ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው። ንዴት ላይ ሆነሽ የጻፍሽውን ሳታድሪበት አትልቀቂው።

ሕጉም እንደየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ ውስጥ የታወቀ ሰው ክሱን ለማሸነፍ፣ ጸሐፊው ውሸት መሆኑን እያወቀ ወይም ለእውነቱ ደንታ ሳይኖረው እንደጻፈ ማስረዳት አለበት። እንግሊዝ ውስጥ ግን «የጻፍኩት እውነት ነው» የሚል ተከሳሽ ማስረዳቱ የራሱ ሸክም ነው። ቀጣሪሽ የትኛው አገር እንደሚሠራ ቀድመሽ እወቂ። አሜሪካ ከሆነ፣ ለአየር ንብረት ተመራማሪዎች በነፃ የሕግ ምክር የሚሰጥ፣ በ2011 የተቋቋመ የሕግ መከላከያ ፈንድ አለ።

ውሉን ከመፈረምሽ በፊት ይህን ጠይቂያቸው፦ «በሥራዬ ምክንያት በተናገርኩት ብከሰስ ጠበቃ የሚያቆምልኝ ማነው?» መልሱን በቃል ብቻ አትቀበዪ፤ በጽሑፍ ይስጡሽ።